የዓመቱ ዕቅድ፦ ዐሥራ ሁለት ሰጣሚ

ግሩም፦ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን አሸዋ ሳንቃው ላይ የበተነው ማን ነው?

አስማማው፦ እኔ ነኛ።

ግሩም፦ መቼ?

አስማማው፦ ጧት። ትናንትም ጧት። ከትናንት ወዲያም ጧት።

ግሩም፦ ለምን?

አስማማው፦ እንዳያዳልጥ ነዋ! ሳንቃው እርጥብ ነው። ከጀልባ የሚወርደውን ሰው ያዳልጠዋል።

ግሩም፦ እና ያዳልጠው!

አስማማው፦ እህ?

ግሩም፦ ያዳልጠው አልኩዎ!

[ባሕር ዳር ነው፤ ጣና ዳር፣ ከጎርጎራ የምትመጣው የሞተር ጀልባ ሰው የምታወርድበት ቦታ። ከዳር እስከ ጀልባ መቆሚያው ረጅም ሳንቃ ተዘርግቷል፤ ከጎኑ ቋጠሮ በቋጠሮ የሆነ የእጅ መያዣ ገመድ ተወጥሯል። ቀኑ ሰኔ ሃያ ሰባት ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶታል። አቶ ግሩም የሐይቅ ዳር ደኅንነት ፕሮጀክት የዕቅድ ባለሙያ ነው። ከአዳማ ተመድቦ የመጣ፣ ስለ ውጤት ተኮር በጀት አምስት ቀን ሠልጥኖ የተመለሰ ሰው። ከሥልጠናው ወዲህ ሚስቱ ወጥ ስታቀርብለት እንኳ «አመልካቹ ምንድን ነው?» እያለ ይጠይቃል፤ እሷም አመልካቹን በጭልፋ ልታሳየው ምንም አልቀራት። አስማማው ደግሞ የመውረጃው ነፍስ አዳኝ ነው። ስድሳን ተሻግሯል፤ ኮንትራቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ከታደሰ።]

አስማማው፦ ልጅ ግሩም፣ አሞሃል እንዴ? ሰው ካዳለጠው እኮ ይወድቃል።

ግሩም፦ ከወደቀስ?

አስማማው፦ ይረጥባል።

ግሩም፦ ከረጠበስ? ይቀጥሉ፣ ይቀጥሉ፣ እየደረሱ ነው!

አስማማው፦ ይሰድበኛል።

ግሩም፦ ኧረ ጋሽ አስማማው! ይሰጥማል! ሲሰጥም እርስዎ ያድኑታል። ሲያድኑት ውጤት ይሆናል። ውጤቱ ደግሞ በጀት ያመጣል!

አስማማው፦ ሳይወድቅ በፊት ክንዱን ብይዘውስ?

ግሩም፦ ሳይወድቅ ከያዙትማ ምን ሠሩ? ምንም!

[ግሩም ከቦርሳው ዕቅዱን አወጣ። ይህን ወረቀት ሲያወጣ ሁልጊዜ ድምፁ ይወፍራል።]

ግሩም፦ ይስሙ። «ግብዓት፦ አንድ ነፍስ አዳኝ፣ አንድ ፊሽካ፣ ሃያ ላይፍ ጃኬት።»

አስማማው፦ እኔ ከፊሽካው ጋር ነኝ?

ግሩም፦ ከፊሽካው በፊት ነዎት፤ አይቀየሙ። «ዓመታዊ ዒላማ፦ ከመስጠም የዳነ ሰው፣ ዐሥራ ሁለት። እስከ ዛሬ የተከናወነ፦ ዜሮ።» ዜሮ!

አስማማው፦ ዜሮ ጥሩ ነው?

ግሩም፦ መጥፎ ነው!

አስማማው፦ ዐሥራ ሁለት ሰው ሲወድቅ ጥሩ ነው። ማንም ሳይወድቅ ሲቀር መጥፎ ነው።

ግሩም፦ ገባዎት!

አስማማው፦ አልገባኝም። ያልኸውን ነው የደገምሁልህ።

ግሩም፦ ብር የወጣበት ሥራ ሁሉ የሚቆጠር ነገር ማምጣት አለበት። የሚቆጠር! «ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እየተባለ በጀት የሚወሰድበት ዘመን አልፏል።

አስማማው፦ አሃ! ታዲያ ያ የእንስሳት ሐኪምም መባረር ነበረበት ለካ።

ግሩም፦ የትኛው?

አስማማው፦ ባለፈው ዓመት ላሜን የከተባት። ከዚያ በኋላ ላሚቱ አልታመመች፣ አልሞተች፣ ዝም ብላ ትበላለች። እኛ ደግሞ ሰውየውን እግዜር ይስጥህ ብለን ሸኘነው። ምን ዓይነት ሞኞች ነን!

ግሩም፦ ያ... ያ ሌላ ፕሮግራም ነው።

አስማማው፦ እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። ግን ዐሥራ ሁለት እንዲወድቅ ማን ወሰነ?

ግሩም፦ እኔ ነኝ። በወር አንድ ሰው መቼም አይጠፋም ብዬ አሰላሁት። ጳጉሜን ለጥንቃቄ ተውኳት።

አስማማው፦ ደግ አደረግህ። ጳጉሜን አጭር ናት፤ ሰጥሞ ለመጨረስም አትበቃም።

[ግሩም ሰዓቱን አየ። ሆዱን የሚበላው ነገር ከጎርጎራ ተነሥቶ በውኃ ላይ እየመጣ ነው፤ እንዴት አድርጎ እንደሚነግረው አላወቀም። ቸኩሎ ነገረው።]

ግሩም፦ ጋሽ አስማማው፣ ዛሬ ገምጋሚዋ ወይዘሮ የሻሽወርቅ በዚችው ጀልባ ይመጣሉ። ውጤቱን በዓይናቸው አይተው ነው የሚመጣውን ዓመት በጀት የሚፈርሙት። ዜሮ ካዩ የነፍስ አዳኝ መደብ ይሰረዛል።

አስማማው፦ ይሰረዝ። መደቡ የማን ነው?

ግሩም፦ የእርስዎ!

[አስማማው እጁን ገመዱ ላይ አሳርፎ አንዱን ቋጠሮ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ግሩም ሽማግሌውን ይወደዋል፤ ከዕቅዱ አስበልጦ ግን አይወደውም።]

አስማማው፦ ከሐምሌ አንድ ጀምሮ?

ግሩም፦ ከሐምሌ አንድ ጀምሮ።

አስማማው፦ ታዲያ በክረምቱ እነዚህን ሰዎች ማን ይይዛቸዋል? አሁንስ ደኅና፤ በክረምት ግን ውኃው እኮ—

ግሩም፦ ስለ ውኃው አይንገሩኝ! ስለ ውኃ ማን ጠየቀ? የምናወራው ስለ ውጤት ነው!

አስማማው፦ እሺ። የሚቆጠረው ሰው ብቻ ነው?

ግሩም፦ ምን አለዎት? ይበሉ፣ ተስፋ ይስጡኝ!

አስማማው፦ የካቲት ላይ አንድ ሙክት ከጀልባ ዘሎ ገብቶ ነበር። ተሸክሜ አወጣሁት።

ግሩም፦ ሙክት ሰው አይደለም።

አስማማው፦ ባለቤቱ ሲያለቅስ ብታየው እንደዚያ አትልም። ጃንጥላስ?

ግሩም፦ አይቆጠርም።

አስማማው፦ ዕቅድስ?

ግሩም፦ የምን ዕቅድ?

አስማማው፦ የአንተው ነዋ! ጥር ላይ ነፋስ ከእጅህ ነጥቆ የጣለውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም? ልብስ ማስጫ ላይ ገጽ በገጽ አስጥቼ አደረቅሁት።

ግሩም፦ አዎ፣ ገጽ አራት እስካሁን ዓሣ ዓሣ ይላል። ጋሽ አስማማው፣ እኔ የምፈልገው ሰው ነው። ሁለት እግር ያለው፣ የሚጮህ፣ የሚፈርም ሰው!

አስማማው፦ ቆይ እስኪ። ባለፈው ሳምንት በስልክ «ዐሥራ ሁለት ሰው ይጎድለናል» ስትለኝ ዝም ብዬ የተቀመጥሁ መሰለህ? ደቦ ጠርቻለሁ።

ግሩም፦ ደቦ?

አስማማው፦ ሰው የጎደለኝ እኔ ስሆን መንደሩ ይወጣልኛላ! ልክ ዐሥራ ሁለት ጎበዝ መዝግቤያለሁ። ድንጋይ መሸከም መስሎኝ ነበር እንጂ ለመውደቅ መሆኑን አልነገርኸኝም። ልደውልላቸው?

ግሩም፦ ይደውሉ! አሁኑኑ! ኧረ እርስዎ ወርቅ ነዎት!

አስማማው፦ [ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እየጮኸ] ሃሎ! ገብረ መስቀል! እንደምን ዋልህ! ላሚቱ? ደኅና ናት፤ ሐኪሙን ልናባርረው ነው። ስማኝማ፣ ያ ሥራ ድንጋይ መሸከም አይደለም። መውደቅ ነው። መውደቅ! ከሳንቃ ላይ... ወደ ጣና... የለም፣ ልብስህን እንደለበስህ። እኔ አወጣሃለሁ። እህ... እህ... [ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ] አበል አለው ወይ ይላል።

ግሩም፦ ለሰጣሚ አበል የለም! በጀቱ ላይ የተያዘው ለአዳኝ ብቻ ነው!

አስማማው፦ የለውም ይላል ሰውየው... እህ... [ሸፍኖ] ምሳስ?

ግሩም፦ እሺ፣ ምሳ ከኪሴ!

አስማማው፦ ምሳ አለው! ጎሽ! እህ... አይ እሱስ እውነትህን ነው። በል ደኅና ዋል። [ስልኩን ዘጋው] ዛሬ አይመጡም።

ግሩም፦ ለምን?!

አስማማው፦ መድኃኔ ዓለም ነው። በበዓል ቀን ሥራ አይሠሩም።

ግሩም፦ መውደቅ ሥራ ነው እንዴ?

አስማማው፦ እኔም እንደዚያ ልለው ነበር። «ምሳ ከተበላበት ሥራ ነው» አለኝ። የደብሩ አለቃ እንኳ ይህን አይመልስለትም።

[ግሩም ራሱን ይዞ ተቀመጠ። አምስት ቀን በሠለጠነበት አዳራሽ ስለ ሥጋት ትንተና ሲነገር መድኃኔ ዓለምን ማንም አላነሣበትም።]

ግሩም፦ እሺ፣ ይህ በዓል የማይመለከተው ሰው የለም?

አስማማው፦ ሙሀመድዘይን አለ፤ የወረታው ነጋዴ። እሱማ ትናንት ገብቶ ነበር።

ግሩም፦ [ብድግ ብሎ] የት ገባ? ውኃ ውስጥ?

አስማማው፦ አዎ። ዱቄት ሲያስጭን አንድ እግር ጫማው ገባበት፤ ተከትሎት ገባ።

ግሩም፦ ከዚያስ?

አስማማው፦ ጫማውን ይዞ ወጣ።

ግሩም፦ እርስዎ አወጡት?

አስማማው፦ በገዛ እግሩ ነው የወጣ፤ ሱሪውን ሰብስቦ፣ እያፏጨ። ውኃው እኮ አሁን—

ግሩም፦ ስለ ውኃው አልጠየቅኩም አልኩ! እያፏጨ? ሳይጮህ? ሳይፈርም? ይህንን ይመልከቱ። [አንድ ወረቀት ዘረጋለት] ቅጽ ሰባት ነው፤ ራሴ ያዘጋጀሁት። ተራ ቁጥር አንድ፦ ሰጣሚው ሦስት ጊዜ «ድረሱልኝ» ብሎ መጮህ አለበት። ተራ ቁጥር ሁለት፦ ከመውደቁ በፊት፣ በመስጠም ላይ ሳለና ከዳነ በኋላ ፎቶ ይነሣል፤ ምስክርም ይኑር። ተራ ቁጥር ሦስት፦ ራሱን ያዳነ ሰው እንደ ውጤት አይቆጠርም!

አስማማው፦ ራሱን ያዳነ አይቆጠርም።

ግሩም፦ በፍጹም! ያለዚያማ ከተማው ሁሉ ገላውን እየታጠበ «ድኛለሁ» ሊለን ነው።

አስማማው፦ ከመውደቁ በፊት የሚነሣው ፎቶ ግን... እንደሚወድቅ በምን አውቃለሁ?

ግሩም፦ ሁሉንም ያንሡ!

[አስማማው ቅጹን በጥንቃቄ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ጎጃሜ የተጻፈ ነገር ያከብራል። ግሩም ግን ትዕግሥቱ አልቋል፤ መጥረጊያ አንሥቶ አሸዋውን ከሳንቃው ላይ ጠረገ፤ በላዩም አንድ ባልዲ ውኃ ደፋበት። ከዚያ ገመዱን ይፈታ ጀመር።]

አስማማው፦ ኧረ ገመዱን ተው! ገመዱ እኮ የ—

ግሩም፦ ገመዱ ነው ያስጨረሰን! ደግሞ ይህ ሁሉ ቋጠሮ ምንድን ነው? ገመድ ነው መቁጠሪያ? [ጠቅልሎ አንገቱ ላይ አጠለቀው] አንድ ሰው ብቻ ነው የምፈልገው። ወጣት፣ ጤነኛ፣ ቅያሪ ልብስ የያዘ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ጀልባው ላይ ሆነው እያዩ ይወድቃል፤ እርስዎ ገብተው ያወጡታል፤ መደብዎ ይተርፋል። አለቀ።

አስማማው፦ ልጅ ግሩም፣ ውኃው ግን—

ግሩም፦ ሦስተኛ ጊዜ! ውኃ፣ ውኃ፣ ውኃ! ዓሣ ነዎት እንዴ? ይልቅ ይዘጋጁ፣ ጀልባዋ መጣች!

[ጀልባዋ ጭሷን እያስነጠሰች መጥታ ከሳንቃው ጫፍ ቆመች። ከሁሉ ቀድማ ለመውረድ የተነሣችው ነጠላዋን ያጣፋች፣ ፋይል ያቀፈች፣ ተረከዙ የቀጠነ ጫማ ያደረገች ወይዘሮ ናት።]

ግሩም፦ ጋሽ አስማማው! የመጀመሪያዋ ራሳቸው ናቸው! ያስቁሟቸው!

አስማማው፦ ለምን? ይውደቁ እንጂ።

ግሩም፦ ገምጋሚዋ ናቸው እኮ!

አስማማው፦ ገምጋሚ አይቆጠርም የሚል ቅጹ ላይ የለም። ሁለት እግር አላቸው፤ መጮህም ሳይችሉ አይቀሩም። ቆይ፣ በፊት የሚነሣውን ፎቶ ላንሣቸው። [ስልኩን አወጣ] እመቤቴ፣ ፈገግ ይበሉ!

ግሩም፦ ወይዘሮ የሻሽወርቅ! ባሉበት ይቁሙ! እንዳይረግጡት! መጣሁ፣ መጣሁ!

[ግሩም ራሱ ባጠበው ሳንቃ ላይ ሮጠ። ሦስት እርምጃ ያህል እውነትም ሮጧል። አራተኛውን እርምጃ የት እንዳሳረፈው እስከ ዛሬ አያውቅም። ቧ!]

ግሩም፦ [ድፍርሱ ውኃ ውስጥ እየተንፈራገጠ] ድረሱልኝ!

አስማማው፦ አንድ።

ግሩም፦ ምን አንድ? ድረሱልኝ!

አስማማው፦ ሁለት።

ግሩም፦ ዋና አልችልም! ኧረ ድረሱልኝ!

አስማማው፦ ሦስት። ጎበዝ! አሁን ወደዚህ ዙር፤ ለፎቶው ፊትህ አልታየም። [አነሣው] የመስጠሙ ተገኘ። በፊት የሚነሣው ግን አምልጦናል፤ ደረቅ ሳለህ አላነሣሁህም። ወጥተህ እንደገና ትወድቅልኛለህ?

ግሩም፦ እየሞትኩ ነው እኮ!

አስማማው፦ እሱን የሚሞላበት ቦታ የለውም። ምስክር... እመቤቴ፣ አይተዋል?

የሻሽወርቅ፦ [ከጀልባዋ ላይ] እያየሁ ነው! አባባ፣ ምን ይጠብቃሉ? ሰውየውን ያውጡት እንጂ!

አስማማው፦ ምኑን ላውጣው እመቤቴ? ልጅ ግሩም፣ ቁም።

ግሩም፦ እ?

አስማማው፦ ቁም። በእግርህ።

[ግሩም ቆመ። ውኃው ጉልበቱ ላይ ቀረ። ከጀልባዋ ላይ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። አንገቱ ላይ የተጠመጠመው ገመድ ይንጠባጠባል።]

አስማማው፦ ሰኔ እኮ ነው ልጄ። ክረምቱ ውኃውን እስኪመልሰው ጣና ከዳሩ ይሸሻል፤ እዚህ ቦታ ዳክዬም አይሰጥምም። ልነግርህ ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትሁ፣ ሦስት ጊዜ ዘጋኸው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ...

የሻሽወርቅ፦ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ! አቶ ግሩም፣ ይህ ሁሉ የደኅንነት ዕቅድ ሲዘጋጅ የውኃው ጥልቀት አልተለካም እንዴ?

ግሩም፦ እ... አመልካቾቹ ውስጥ አልነበረም።

የሻሽወርቅ፦ አባባ፣ መስከረም ላይስ ስንት ይሆናል?

አስማማው፦ መስከረም ላይማ እኔን ከነባርኔጣዬ ይውጠኛል። እንጀራዬም ያኔ ነው።

የሻሽወርቅ፦ ያኔ ስንት ሰው ወደቀ?

አስማማው፦ ማንም።

የሻሽወርቅ፦ ማንም? በምን ላምንዎ እችላለሁ? የተመዘገበ ነገር አለ?

አስማማው፦ አለ እንጂ። ሰው ሳይወድቅብኝ በዋለ ቁጥር ማታ ገመዱ ላይ አንድ ቋጠሮ እቋጥራለሁ። ለእጅም ደግ ነው፤ አያንሸራትትም።

የሻሽወርቅ፦ ገመዱ የታለ?

አስማማው፦ [በአገጩ እየጠቆመ] ያውና፣ አንገቱ ላይ። ውጤት ውጤት ሲል ተሸክሞት ነው የዋለ።

[ግሩም አንገቱን አቀርቅሮ ገመዱን አየ። ቋጠሮ፣ ቋጠሮ፣ ቋጠሮ። እፍረቱ ከእግር እስከ ራሱ ወጣ፤ ከውኃው ይልቅ ያሰጠመው እሱ ነው።]

የሻሽወርቅ፦ ስንት ነው?

አስማማው፦ እስከ ትናንት ማታ ሦስት መቶ ስድሳ አንድ። ጳጉሜንንም አልተውኋትም። ዛሬ ግን እንግዲህ ምን ብዬ እቋጥራለሁ፤ ያዩት ነው።

የሻሽወርቅ፦ [ብዕሯን አውጥታ እየጻፈች] «የሚመጣው ዓመት ዒላማ፦ ከዚህ ሳንቃ የሚወድቅ ሰው፣ ዜሮ። ነፍስ አዳኝ፦ አቶ አስማማው፣ ባሉበት ይቀጥላሉ። ገመድ፦ ቦታው ይመለስ።» በሉ አባባ፣ አሸዋዎን ይበትኑና እጄን ይያዙኝ፤ ይህ ጫማ አያስተማምንም።

[አስማማው እፍኝ እፍኝ አሸዋ እየበተነ ሄዶ እጇን ያዘ፤ እንደ ሙሽራ እናት ቀስ አድርጎ አወረዳት። የቀሩትንም አንድ በአንድ አወረደ። ሁሉም ደረቅ ናቸው። እርጥቡ ግሩም ብቻ ከነገመዱ በቆመበት አለ። ወይዘሮዋ ራቅ እስክትል ጠበቀና አስማማውን በእጁ ጠቀሰው።]

ግሩም፦ [በሹክሹክታ] ጋሽ አስማማው... መደብዎስ ተረፈልዎ። እኔ ግን ዒላማዬ ዐሥራ ሁለት፣ በእጄ ያለው ዜሮ። ቢያንስ እኔን ይመዝግቡኛ! ሦስት ጊዜ ጮኼያለሁ፣ ፎቶ አለኝ፣ ገምጋሚዋ ራሳቸው ምስክር ናቸው!

[አስማማው ቅጽ ሰባትን ከደረት ኪሱ አወጣ፤ ዘረጋው፤ ከዓይኑ አርቆ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከልቡ እያዘነ ራሱን ነቀነቀ።]

አስማማው፦ ተራ ቁጥር ሦስት አይፈቅድም ልጄ። ራስህ ነህ የቆምኸው።